ኳስ የማያገኛቸው መቺዎች

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ ላነጋግራችሁ የመረጥሁት ጉዳይ በአገራችን እምብዛም ከማይታወቅ ከአንድ የአሜሪካ ጨዋታ የተወሰደ ነው፤ ይኸውም ቤዝቦል ከሚባለው ነው። ይህን ጨዋታ አይቶ የማያውቅ ሰው «እኔ ከዚህ ምን አለኝ» ብሎ ጋዜጣውን እንዳያጥፍ አስቀድሜ እለምናለሁ። ነገሩ ወደ ውስጥ ሲመረመር፥ አደጋ በሚበዛበት ሥራ ላይ አንዱ ሰው ዘወትር ሲጎዳ ሌላው ሳይነካ ዕድሜውን የሚጨርሰው በዕድል ነው ወይስ በምክንያት የሚል ጥያቄ ሆኖ ይገኛልና፥ በመሥሪያ ቤት ለሚውል ሰውም የሚሆን ፍሬ ያለበት ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም እገረ መንገዴን አስታውቃለሁ።

ነገሬን በሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች እጀምራለሁ። አንደኛው ሀንክ አሮን ይባላል፤ ከ1954 እስከ 1976 ድረስ የተጫወተና 755 ጊዜ ኳስን ከሜዳው አጥር ውጭ መትቶ ያወጣ ሰው ነው። ሁለተኛው ፍራንክ ሮቢንሰን ይባላል፤ ከ1956 እስከ 1976 ተጫውቶ 586 ጊዜ ያንኑ አድርጓል፤ ኋላም በከፍተኛው ሊግ ቡድን ለመምራት የመጀመሪያው ጥቁር አሠልጣኝ ለመሆን በቅቷል። ሁለቱም በአንድ ዘመን የኖሩ፥ ሁለቱም በቀኝ እጅ የሚመቱ፥ ሁለቱም በተጋጣሚዎቻቸው ዘንድ እጅግ የሚፈሩ ነበሩ። ይሁን እንጂ አሮን ወደ 14 ሺህ ለሚጠጋ ጊዜ ኳስ ለመምታት ቀርቦ የተወረወረው ኳስ ሰውነቱን ያገኘው 32 ጊዜ ብቻ ሲሆን፥ ሮቢንሰን 12 ሺህ ለማይሞላ ጊዜ ቀርቦ 198 ጊዜ ተመትቷል። ሒሳቡ ሲሰላ አሮን በ436 አንድ ጊዜ፥ ሮቢንሰን ግን በ59 አንድ ጊዜ ተመታ ማለት ነው። እንግዲህ ይህን የሚያህል ልዩነት ከወዴት መጣ?

መልሱን ከመስጠቴ በፊት ጨዋታው እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ ላስረዳ። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ዱላና ኳስ ምን ማለት እንደ ሆኑ አይጠፋውም። በገና ጨዋታ ግን ኳሷ መሬት ለመሬት ስትሄድ፥ በቤዝቦል ኳሱ በአየር ተወርውሮ ይመጣል። ኳስ ወርዋሪው ከጥቂት የአፈር ጉብታ ላይ ይቆማል። መቺው ከእርሱ 18 ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፥ ከመሬት ጋር ተስተካክሎ ከተቀበረ ነጭ ሰሌዳ አጠገብ ዱላውን ይዞ ይጠብቃል። የሰሌዳው ስፋት 43 ሳንቲሜትር ነው፤ የተወረወረው ኳስ በዚያ ሰሌዳ ላይ፥ ከመቺው ጉልበት በላይና ከደረቱ በታች ካለፈ ትክክለኛ ውርወራ ይባላል። መቺው የሚቆመው በኖራ በተሠመረ አራት ማዕዘን ውስጥ ሲሆን፥ የዚህ መሥመር ጫፍ ከሰሌዳው የሚርቀው 15 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው የኳስ መንገድና የመቺው አካል በስንዝር የሚለኩ ጎረቤታሞች ናቸው።

ኳሱ ከ142 እስከ 149 ግራም ይመዝናል፤ ውስጡ በክር የተጠቀለለ፥ ውጭው በቆዳ የተሰፋ ጠንካራ ነገር ነው። የዛሬ ወርዋሪዎች ይህን ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ በሆነ ፍጥነት ይለቁታል። ከወርዋሪው እጅ ወጥቶ ሰሌዳው ዘንድ እስኪደርስ የሚፈጀው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ እጅ አራቱን ያህል ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ መቺው ኳሱን ማየት፥ ዓይነቱን መለየት፥ ልምታ ወይስ ልተው ብሎ መቁረጥ፥ ከዚያም ዱላውን ማንቀሳቀስ አለበት። ኳሱ ወደ ራሱ የሚመጣ እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ሁሉ ቀርቶ ሰውነቱን ማዳን ይጠበቅበታል።

ሕጉ በዚህ ነገር ላይ የሚያዘው እንደሚከተለው ነው። የተወረወረ ኳስ የነካው መቺ ያለ ምንም ድካም ወደ መጀመሪያው ማረፊያ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ይህ ፈቃድ በአንደኛው ሊግ በ1884፥ በብሔራዊው ሊግ በ1887 የጸና ነው፤ ከዚያ በፊት ወርዋሪው ሰውን መትቶ የሚከፍለው ይህን የመሰለ ዕዳ አልነበረበትም። ነገር ግን ሕጉ ለመቺውም ግዴታ ጥሎበታል። ኳሱ በትክክለኛው መንገድ ላይ ሳለ የነካው እንደ ሆነ፥ ወይም ኳሱን ሊሸሸው ሳይሞክር ዝም ብሎ የቆመ እንደ ሆነ፥ ማረፊያው አይሰጠውም። ዱላውን ሰንዝሮበት ሳለ ቢነካውም እንዲሁ ነው።

ይህ ግዴታ በወረቀት ላይ የቀረ አለመሆኑን በሜይ 31 ቀን 1968 የተደረገው ነገር ያስረዳል። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ዶን ድራይስዴል በአራት ተከታታይ ጨዋታዎች አንዲት ነጥብ ሳያስገባ ቆይቶ አምስተኛውን ይጫወት ነበር። በመጨረሻው ዙር ማረፊያዎቹ ሁሉ በተጋጣሚዎቹ ተይዘው ሳለ፥ የወረወረው ኳስ የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትሱን መቺ ዲክ ዲትዝን ነካው። ሕጉ በተለመደው መንገድ ቢፈጸም ኖሮ አንድ ነጥብ ይቆጠርበትና ያ ተከታታይ ሥራ በዚያች ደቂቃ በፈረሰ ነበር። ዳኛው ሃሪ ዌንደልስቴት ግን «መቺው ለመሸሽ አልሞከረም» ብሎ ፈረደ፤ ዲትዝም እንደ ገና እንዲመታ ተደረገ። ድራይስዴል ነጥብ ሳይገባበት የቆየበትን ጊዜ ከ58 ዙር በላይ አደረሰው፤ ያም እስከ 1988 ድረስ ሳይሰበር ኖረ። ስለ ፍርዱ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ ራሱ እንደሚያሳየን ግን፥ መመታት መከራ ብቻ ሳይሆን ጥቅምም አለበትና ጥቅሙን ሆን ብሎ የሚፈልግ ሰው ሊኖር ይችላል።

አሁን ወደ ምክንያቶቹ ልግባ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት መቺው የሚቆምበት ስፍራ ነው። ፍራንክ ሮቢንሰን ወደ ሰሌዳው ተጠግቶ፥ ራሱንና ክንዶቹን ከሰሌዳው በላይ አዝምሞ በመቆም የታወቀ ነበር። እንዲህ የቆመ ሰው በሰሌዳው ማዶ ጫፍ የሚያልፈውን ኳስ ሳይቀር ዱላው ይደርስበታል፤ ነገር ግን ወርዋሪው ወደ ውስጥ በኩል ጥቂት ቢስት ኳሱ ክንዱን ወይም ጎኑን ያገኘዋል። ከኩባ የመጣው ሚኒ ሚኞሶም እንደዚሁ ተጠግቶ የሚቆም ስለ ነበረ በብዙ ዓመታት በሊጉ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ የተመታ እርሱ ነበር። ከሰሌዳው ራቅ ብሎ የሚቆም መቺ ግን ለስሕተት የሚሆን ቦታ ለወርዋሪው ይተውለታል፤ በዚህ ፈንታ በማዶ ጫፍ የሚያልፈውን ኳስ ለመምታት ይቸገራል። የእርምጃውም አቅጣጫ እንዲሁ ለውጥ አለው። ኳሱ ሲመጣ የፊት እግሩን ወደ ሰሌዳው የሚሰድ ሰው ወደ አደጋው ይሄዳል፤ ቀጥ አድርጎ ወይም ወደ ውጭ የሚሰድ ሰው ከአደጋው ይርቃል። ስለዚህ የመመታቱ ብዛት፥ አንድ ሰው ስንት መሬት ለመያዝ ፈልጎ ስንት ዋጋ ለመክፈል እንደ ቈረጠ የሚያሳይ ነው ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ምክንያት የእጅ ነገር ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውር ሰው ፈጣኑን ኳስ ሲለቅ፥ ኳሱ ወደ ራሱ ቀኝ ማለትም በቀኝ እጁ ወደሚመታው ሰው አካል የመጠጋት ጠባይ አለው። ለግራኝ መቺ ግን ያው ኳስ እየራቀው ይሄዳል። በዚያም ላይ ግራኙ መቺ ኳሱ ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ ጥርት አድርጎ ለማየት ይመቸዋል። አብዛኞቹ ወርዋሪዎች ደግሞ ቀኝ እጅ ስለ ሆኑ፥ ግራኝ መቺ በተፈጥሮው የተሻለ ጥላ አለው። ታላላቆቹን ግራኞች ብንመለከት ነገሩ ይታያል። የሳን ዲየጎው ቶኒ ግዊን በ20 ዓመት ጨዋታ ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ቀርቦ የተመታው 24 ጊዜ ነው። ዌድ ቦግስም ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ቀርቦ 23 ጊዜ ነው። ቴድ ዊልያምስ 39 ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ምክንያት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ሀንክ አሮን ቀኝ እጅ መቺ ሆኖ ሳለ ከብዙ ግራኞች ያነሰ ተመትቷልና።

ሦስተኛው ምክንያት ዐይን ነው። ወርዋሪው ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ኳስ አይወረውርም፤ ወደ መቺው ትከሻ የሚመጣ መስሎ በመጨረሻ ወደ ሰሌዳው የሚታጠፍ ኳስም አለው። እንዲህ ያለውን ኳስ ፈርቶ የሚሸሽ መቺ ይታለላል፤ ይታጠፋል ብሎ የሚጠብቅ መቺ ደግሞ ኳሱ ሳይታጠፍ የቀረ እንደ ሆነ ይመታል። ሁለቱን የሚለየው ሰው የኳሱን ስፌት አዟዟር ከወርዋሪው እጅ በወጣበት ቅጽበት የሚያነብ ሰው ነው። ግዊን፥ ቦግስና ዊልያምስ ሦስቱም ትክክለኛውን ኳስ ከተሳሳተው በመለየት የታወቁ መሆናቸው እንዲያው ያጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ኳስን ለመምታት የሚያገለግለው ያው ዐይን ከኳስ ለማምለጥም ያገለግላል።

አራተኛው ምክንያት የመሸሽ ጥበብ ነው። ያልሠለጠነ ሰው ኳስ ሲመጣበት ደረቱንና ፊቱን ወደ ኳሱ ገልጦ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። የሠለጠነው ግን የፊት ትከሻውን ወደ ውስጥ አዙሮ፥ አገጩን ደብቆ፥ ጀርባውን ይሰጣል፤ ወደ ራሱ የመጣበት እንደ ሆነም እግሩን አጥፎ ይወድቃል። ከሁሉ የሚከፋው ከመቺው ራስ በስተ ኋላ የተወረወረ ኳስ ነው። የሰው ልጅ ሲደነግጥ ወደ ኋላ መሸሽ ልማዱ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለ ኳስ ሲመጣ ከመቆም መሸሽ ይብሳል፤ የሚሸሸው ሰው ወደ ኳሱ ይሄዳልና። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ድንጋጤን መግታት ራሱ የመከላከያ ክፍል ነው።

አምስተኛው ምክንያት በመቺው እጅ የሌለ ነገር ነው፤ ይኸውም የወርዋሪው ፈቃድና ስሜት ነው። ከሚመቱት ኳሶች ብዙዎቹ በስሕተት የሚመቱ ሲሆኑ፥ አንዳንዶቹ ግን ለማስፈራራት ወይም ለበቀል የተወረወሩ ናቸው። በ1947 ጃኪ ሮቢንሰን የዘር መለያየትን አጥር ጥሶ ወደ ከፍተኛው ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት 9 ጊዜ ተመትቷል፤ በዚያም ዓመት ከተጋጣሚዎቹ ብዙ ጥላቻ እንደ ደረሰበት በታሪክ የተመዘገበ ነው። በ1991 ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት ባወጡት ጥናት ደግሞ የቀኑ ሙቀት እየጨመረ በሄደ ቁጥር የሚመቱት መቺዎች ቁጥር እንደሚጨምር ታየ፤ ይህም የወርዋሪው እጅ በላብ ከመንሸራተቱ የመጣ ብቻ ሆኖ አልተገኘም። ቁጣም ከፀሐዩ ጋር አብሮ ይሞቃል ማለት ነው። በገና ጨዋታ ጌታና ሎሌ እኩል ሆነው ቁጣ እንዲቀር የተወሰነበትን የአገራችንን ልማድ ያየ ሰው፥ ዱላና ኳስ ባለበት ስፍራ ይህ ውሳኔ ስንት ነገር እንዳዳነ ይገባዋል።

በዚሁ ክፍል አንድ ሌላ ክርክር አለ። ከ1973 ጀምሮ በአሜሪካን ሊግ ወርዋሪዎች ተራ ደርሷቸው ኳስ ለመምታት መቅረባቸው ቀርቶ በፈንታቸው ሌላ ሰው እንዲመታ ተደረገ፤ በብሔራዊው ሊግ ግን እስከ ቅርብ ጊዜ ራሳቸው ይመቱ ነበር፤ በ2022 ሕጉ በሁለቱም ሊግ አንድ ሆነ። በ1997 የኢኮኖሚ ሊቃውንት ይህን ተመልክተው፥ ሰውን በኳስ የሚመታ ወርዋሪ እርሱ ራሱ ተራው ደርሶ ብድሩን የማይቀበል ከሆነ እጁ ይደፍራል የሚል አሳብ አቀረቡ። ሌሎች ደግሞ ልዩነቱ ከሌላ ምክንያት የመጣ ነው ብለው ተቃወሟቸው። ክርክሩ የትም ቢደርስ፥ ጥያቄው ለሁላችንም የሚያስፈልግ ጥያቄ ነው። ውሳኔውን የሚሰጥ ሰው የውሳኔው ጉዳት የማይደርስበት ከሆነ ጥንቃቄው እንደ ቀድሞው ይሆናልን?

እስካሁን ስለ ቁጥር ተናገርሁ። ከቁጥሩ በስተ ኋላ ግን የሰው ሕይወት አለ።

በኦገስት 16 ቀን 1920 በኒው ዮርክ ከተማ የክሊቭላንዱ ቡድን ከኒው ዮርክ ያንኪስ ጋር ይጫወት ነበር። የክሊቭላንዱ ሬይ ቻፕማን ወደ ሰሌዳው ተጠግቶ ጎንበስ ብሎ ሲጠብቅ፥ እጁን ከታች አድርጎ የሚወረውረው ካርል ሜይስ ኳሱን ለቀቀ። በዚያ ዘመን ወርዋሪዎች ኳሱን በአፈርና በትምባሆ ማቆሸሽ ልማዳቸው ነበር፤ አንድ ኳስም ጠቁሮ እስኪላላ ድረስ አይለወጥም ነበር። ያዩት ሰዎች እንደ መሰከሩት ቻፕማን ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ኳሱን ያላየው ይመስላል። ድምፁ ከመጮሁ የተነሣ ሜይስ ኳሱ ከዱላ ላይ የተመለሰ መስሎት አንሥቶ ወደ መጀመሪያው ማረፊያ ወረወረው። ኳሱ የተመለሰው ግን ከቻፕማን የራስ ቅል ላይ ነበር። በማግሥቱ ጧት በሆስፒታል ዐረፈ፤ ዕድሜው 29 ዓመት ነበር። በከፍተኛው ሊግ ጨዋታ ላይ በተወረወረ ኳስ ተመትቶ የሞተ ተጫዋች እርሱ ብቻ ነው። ቡድኑ በዚያው ዓመት በመጸው የዓለም ሻምፒዮንነትን አገኘ፤ ቻፕማን ግን አላየውም።

ከዚህ በኋላ ዳኞች የቆሸሸ ኳስ ቶሎ ቶሎ እንዲለውጡ ታዘዙ። መቺው ኳሱን በደንብ እንዲያይ፥ ከወርዋሪው በስተ ጀርባ ያለው የሜዳው ጥግ ወንበርና ተመልካች ሳይኖርበት በጨለማ ቀለም እንዲሆን ማድረግም እየተለመደ ሄደ። የራስ ቁር ግን ብዙ ዘገየ። በኦገስት 18 ቀን 1967 የቦስተኑ ወጣት ቶኒ ኮኒግሊያሮ በግራ ጉንጩ ላይ ተመትቶ ዐይኑ ተጎዳ፤ የ1968ን ጨዋታ ሙሉውን አልተጫወተም፤ በ1969 ቢመለስም ዐይኑ እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። የራስ ቁር ለአዲስ ገቢዎች ግዴታ የሆነው በ1971 ነው፤ ጆሮ የሚሸፍነው ዓይነት ደግሞ በ1983 ነው። ቻፕማን ከሞተ ከ50 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለአንድ ቀላል መድኃኒት ይህን ያህል መዘግየቱ የሚያሳዝን ነው፤ ግን ቁር ማድረግ በተጫዋቾች ዘንድ እንደ ፍርሃት ይቆጠር ስለ ነበረ ነው። ስም ማጣትን ከሞት አስበልጦ መፍራት የአሜሪካ ልጆች ብቻ ጠባይ አይደለም።

መከላከያው ከመጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ታየ። ቁርና የክርን መከላከያ ያደረገ ሰው ሕመሙ ስለሚቀልለት ወደ ሰሌዳው ለመጠጋት ይደፍራል። የሂዩስተኑ ክሬግ ቢጂዮ በ2007 ጨዋታውን ሲተው 285 ጊዜ ተመትቶ ነበር፤ ይህም ሂዩ ጄኒንግስ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ባስመዘገበው 287 ላይ ሊደርስ ሁለት የቀረው ነው። ሮን ሀንት በ1971 በአንድ ዓመት ብቻ 50 ጊዜ ተመትቷል። በዛሬው ዘመን የውርወራው ፍጥነትም ስለ ጨመረ፥ በ2021 በከፍተኛው ሊግ የተመቱት መቺዎች ቁጥር ከ2000 በላይ ሆነ፤ ይህም ከጨዋታው ብዛት ጋር ሲመዛዘን በ1980ዎቹ ከነበረው ከእጥፍ ይበልጣል።

ስለ ሮን ሀንት አንድ ቃል ልጨምር፤ ፍርዳችን አንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን ነው። ይህ ሰው በ1971 ዓመት ከአንድ ሺህ የመምታት ዕድል 279 ያህል ብቻ ቢያገባም፥ ስለ ተመታ የተሰጠው ማረፊያ ሁሉ ሲደመርለት ከአንድ ሺህ ጊዜ 402 ያህል ወደ ማረፊያ ደርሷል። ጉልበት ያነሰው ሰው ሰውነቱን ከፍሎ ቡድኑን ጠቀመ ማለት ነው። ስለዚህ «የማይመታ ሁሉ ብልኅ፥ የሚመታ ሁሉ ሞኝ ነው» ብሎ መፍረድ አይገባም። እያንዳንዱ ሰው ያለውን ዐይቶ ዋጋውን ይመርጣል። ቶኒ ግዊን ስምንት ጊዜ የመቺዎች አንደኛ የሆነው ኳስ ሳይነካው ስለ ኖረ አይደለም፤ በዱላው ወደ ማረፊያ መድረስ ይችል ስለ ነበረ በገላው መክፈል አላስፈለገውም።

አሁን መጀመሪያ ወዳነሣሁት ወደ ዕድል ጥያቄ ልመለስ። የአትላንታ ብሬቭስ ተጫዋች የነበረ ማርክ ሌምኪ የሚባል ሰው አለ። ከ1988 እስከ 1998 ከ3600 ጊዜ በላይ ኳስ ለመምታት ቀርቦ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመታም፤ ይህን ያህል ቀርቦ ሳይመታ በመቅረት የሚስተካከለው የለም። በዚያ ዘመን አንድ ተራ መቺ በ150 ጊዜ ውስጥ አንድ ጊዜ ያህል ይመታ ነበር። በዚህ ሒሳብ ሌምኪ 24 ጊዜ ያህል ሊመታ ይገባው ነበር። ሃያ አራት ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ ነገር እንዲያው በዕድል ብቻ ባዶ ሊሆን እንደማይችል ሒሳብ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ምክንያት አለው ማለት ነው። ከምክንያቱም አንዱ ግልጽ ነው፤ ሌምኪ በሁለቱም እጅ የሚመታ ስለ ነበረ፥ ለቀኝ ወርዋሪ በግራ፥ ለግራኝ ወርዋሪ በቀኝ እየቆመ ፈጣኑ ኳስ ሁልጊዜ እንዲርቀው ያደርግ ነበር።

ነገር ግን ይህን ያወቅነው አሥር ዓመት ስለ ተጫወተ ነው። ሌምኪን በአንድ ወር ብቻ የተመለከትነው ቢሆን ኖሮ፥ ከብዙ ሌሎች ሰዎች ሊለይ ባልቻለ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ ሳይመታ የሚቀር መቺ እጅግ ብዙ ነው፤ የጥቂት ጊዜ ውጤት ዕድልና ችሎታ ተደባልቀው የሚገኙበት ነው፤ የረጅም ጊዜ ውጤት ግን ዕድሉን እያጠበ ችሎታውን ያሳያል። የበታቾቹን ሥራ የሚመዝን ሹም ይህን ቢያስብበት መልካም ነው። በአንድ ወር ስሕተት ሰውን ማዋረድ፥ በአንድ ወር መቃናትም ሰውን ማንገሥ ሁለቱም የችኮላ ፍርድ ናቸው።

ሌላም የምጨምረው አለኝ። በቤዝቦል መዝገብ ውስጥ የተመታ ሰው ሁሉ ይቆጠራል። ሳይመታ የሸሸው ግን፥ አገጩን ደብቆ ያሳለፈው፥ ስፌቱን አይቶ ቀድሞ የተጠነቀቀው፥ እግሩን ጥቂት ወደ ኋላ ስቦ ያመለጠው፥ በየትኛውም ዓምድ አይጻፍለትም። የአሮን 32 የተመታበትን ይነግረናል እንጂ በእነዚያ 14 ሺህ ጊዜያት ያመለጠውን አይነግረንም። በመሥሪያ ቤቶቻችንም ያለው ሁኔታ ከዚህ የራቀ አይደለም። የተቃጠለ መጋዘን ይመረመራል፥ ይጻፍበታልም፤ ሽቦው መላላቱን አስቀድሞ አይቶ ያሳሰረው የዕቃ ቤት ሠራተኛ ግን ስሙ በማንም ደብዳቤ ላይ አይገኝም። የጠፋ ገንዘብ ኮሚቴ ይቋቋምለታል፤ ሒሳቡን በየማታው ስላመሳከረ ገንዘቡ እንዳይጠፋ ያደረገው ጸሓፊ ግን «ምን ሠራ?» ይባላል። ያልደረሰ ጉዳት ድምፅ ስለሌለው፥ ጉዳት እንዳይደርስ ያደረገውም ሰው ድምፅ የለውም።

ስለዚህ፥ የተከበራችሁ አንባብያን፥ በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ለብዙ ዓመታት አንዳች መጥፎ ነገር ያልደረሰበት ክፍል ካለ፥ «እነዚህ ዕድለኞች ናቸው» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት ወደዚያ ገብታችሁ ሠራተኞቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ። የት እንደሚቆሙ፥ ምን እንደሚያዩ፥ አደጋ ሲመጣ ወዴት እንደሚዞሩ ጠይቁ። ምናልባት የምታገኙት መልስ ትንሽና ተራ ነገር ይሆናል፤ ሌምኪም ያደረገው ወርዋሪውን አይቶ የሚቆምበትን ጎን መለወጥ ነበር። ምናልባትም በእርግጥ ዕድል ብቻ ሆኖ ይገኝ ይሆናል፤ እርሱንም ማወቅ ጥቅም አለው፤ በዕድል ብቻ የቆመ ክፍል የራስ ቁር ያስፈልገዋልና።